ደበላ ከብስክሌቱ የወረደ ዕለት

ደበላ ማረፉን የነገረችኝ የድሮ ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ሙሉ ናት። ከተደዋወልን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር፤ ስሟን ስልኬ ላይ ሳየው ሰው መሞቱ ሳላነሳው ገባኝ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሠርግና ያለ ቀብር ማን ይደዋወላል?

«ሰሎሞን፣ ደበላ አረፈ» አለችኝ። «ኩላሊቱ ነው። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። እላይ፣ እናቱ ዘንድ።» ቀጥላም፣ «ትመጣለህ አይደል? ጓደኛው ነበርክ እኮ» አለች።

«ነበርክ» ያለችው እሱ ስለሞተ ነው። እኔ ግን ጓደኝነታችን ከሞቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ማለቁን አውቃለሁ። እመጣለሁ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

ሰበታ ስመደብ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ ሰዓት ማክበር ሲያስረዳን በሩ ተከፈተና ቀጭን፣ ጠይም፣ አርባ የሚጠጋው ሰው የቀኝ እግሩን ሱሪ ካልሲው ውስጥ እንደ ከተተ ገባ።

«መምህር ደበላ፣ ሩብ ሰዓት አርፍደሃል» አለው ርዕሰ መምህሩ።

«ከቤቴ የወጣሁት በሰዓቱ ነው» አለ ደበላ። «መንገዱን በሙሉ ቆፍረው ትተውታል። ያረፈደው መንገዱ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም። ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠና በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ፣ «አዲስ ነህ? ፓስቲ ትወዳለህ መሰለኝ» አለኝ ሆዴን እያየ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

የስፖርት መምህር ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ብስክሌት ይወዳደር ነበር፤ ቡድኑ ሲፈርስ የስፖርት ትምህርት ተምሮ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ከዚያ ዘመን የተረፈው አንድ ቀይ የውድድር ብስክሌት ብቻ ነው። ቀለሙ ተልጦ ግማሽ ጎኑ ብረት ሆኗል፤ ካቴናው ግን ሁልጊዜ ያበራል፤ በአሮጌ ካልሲ ይጠርገዋል። ብስክሌት የያዘ ሰው ካገኘ እጁን ከመጨበጡ በፊት ጎማውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርጋል። «አየር ርቦታል» ይላል። ከዚያ ነው ሰላምታው።

ቤቱ ከከተማው በላይ፣ የወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ፣ እናቱ አዴ ሎሚ ዘንድ ነበር። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ለድንጋይ መፍጫው ሲባል አስፋልት የተቀባ ጠባብ ዳገት ነው። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን ግድግዳ በለው። ጠጠር ጭነው የሚወርዱት ገልባጮች ፍሬናቸው እየጨሰ ስለሚደርሱ ሰው «ፍሬን በጥስ» ይለዋል። ከሁለተኛው ኩርባ በላይ መንገዱ በሁለት ገደል መካከል ይጠብና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚያች ቦታ ስም ያወጣላት ደበላ ነው፤ «ጉሮሮ» ይላታል። ገልባጮቹ እንኳ እዚያ ሲደርሱ ያቃስታሉ። ደበላ በየቀኑ ይወጣዋል። ከብስክሌቱ ወርዶ አያውቅም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ለእናቱ አምስት ኪሎ ስኳር በጀርባው ቢያዝል፣ ትኩሳት ይዞት ቢሆን አይወርድም።

እኔንም ይዞኝ መውጣት የጀመረው በሁለተኛው ወር ነው። ከአንድ ተማሪ ታላቅ ወንድም አሮጌ ብስክሌት አስገዛኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንወጣለን። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያውን ኩርባ ሳልጨርስ አፌ ደርቆ፣ ዓይኔ ጨልሞ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ጤፍ የጫነች አህያቸውን እየነዱ ደረሱብኝና አለፉኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ ዞር ብለው፤ «እሷም መጀመሪያ ስትወጣው ታለቅስ ነበር።»

ደበላ ከላይ ቆሞ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ብስክሌቱን አዙሮ ወደ እኔ ተመለሰና ከጎኔ ሆኖ ያስተምረኝ ጀመር። «ፔዳሉን አትርገጠው፤ አዙረው። ጠላትህ አይደለም።» «ማርሽ የሚቀየረው ሳይጨንቅህ ነው። ከጨነቀህ በኋላ ካቴናው እሺ አይልህም።» እኔ ድካሜን ለመርሳት ወሬ ስጀምርለት፣ «ዳገት ላይ የሚያወራ ሰው ወይ ጎበዝ ነው፣ ወይ ሊወርድ ነው» ይለኛል። እሱ ራሱ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። በእግሩ ልክ በኦሮምኛ ይቆጥራል፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። ከኋላው ሆኜ ያንን እየሰማሁ ነው ኦሮምኛ የጀመርኩት። በስድስተኛው ወር ሳልወርድ እላይ ደረስኩ። አዴ ሎሚ አሬራ በትልቅ ጣሳ ሰጡኝ፤ ደበላም ለእናቱ አንድ ነገር አላቸውና ሁለቱም ሳቁ። ምን አልክ ብለው፣ «አህያዋን ቀደማት አልኳቸው» አለኝ።

አንድ ቀን ዳገቱን ጨርሰን ጠጠሩ ላይ ተቀምጠን ስናርፍ ስንት ሜዳሊያ እንዳለው ጠየቅኩት።

«አንድም» አለኝ።

«አንድም?»

«ሱሉልታ ላይ ነበር የሚገባኝ። ዳገቱን ጨርሼ ብቻዬን ነኝ፣ ከኋላዬ ማንም የለም። የቡድኑ መኪና አጠገቤ መጣና፣ አምበሉ ጎማው ፈንድቷል፣ ቁምና ጎማህን ስጠው አለኝ። ቆምኩ። ፈትቼ ሰጠሁት። አሸነፈ።»

«አንተስ?»

«እኔማ መኪና እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።» ሳር ነቅሎ በጥርሱ ያዘ። «ለሽልማቱ ስንሰለፍ ሰላም እንኳ አላለኝም። ታውቃለህ? ጎማውን የሰጠኸው ሰው ሁልጊዜ ፊትህን ማየት ይከብደዋል።»

ያኔ ስቄ ነበር። የሰው ነገር የገባኝ መስሎኝ።

ስለ መሬት አያወራም ነበር። ማውራት ቢፈልግ ግን ከማንም በላይ የሚያወራው ነበረው። አባቱ ዓለም ገና አጠገብ የነበራቸውን የጤፍ ማሳ ለፋብሪካ ሰጥተው፣ ካሳው አልቆ፣ በመጨረሻ የዚያው ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ነው የሞቱት። የገዛ ማሳቸውን አጥር ሲጠብቁ ማለት ነው። ይህን የነገረኝ እሱ ሳይሆን ሙሉ ናት። አንዴ ብቻ በዚያ በኩል ስናልፍ ብስክሌቱን አቀዝቅዞ በአገጩ አንድ መጋዘን አሳየኝና፣ «እዚያ ጋ ነው የተወለድኩት» አለኝ። መጋዘኑን አየሁት። ሌላ ምንም አልነበረም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ዓመት መጣ። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ልትሰፋ ነው፤ ገበሬው ሊነሳ ነው ተባለ። ወሬው በሻይ ቤቱም በታክሲውም ያው ሆነ። መምህራን ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ዓይን ለዓይን መተያየት ቀረ። አንዳንዱ ወሬ ሲጀመር ጠመኔ ሊያመጣ ይወጣል። ተማሪዎቹ ደበላን በሜዳው ላይ ከበው፣ ቲቸር አንተ ምን ትላለህ አሉት። የአባቱን ታሪክ ያውቃሉ።

«አባቴ ጮኾ ነበር» አላቸው። «ማንም አልሰማውም። እናንተ ብትጮኹ ይሰሟችሁ ይሆናል፤ ግን መስማታቸውን የሚነግሯችሁ በምን እንደሆነ እፈራለሁ። አሁን ሩጡ፤ ሁለት ዙር።»

እሱ ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ኅዳር ማለቂያ ላይ አንድ ሐሙስ ተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰብስበው ክፍል አንገባም አሉ። «ላፍቲ ኬኛ ላፌ ኬኛ» እያሉ ይጮኻሉ፤ መሬታችን አጥንታችን ነው ማለታቸው ነው። እስከ አምስት ሰዓት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ዋናው በር ላይ ድንጋይ መጣ፣ ከድንጋዩ በኋላ ጭስ መጣ፣ ከጭሱ በኋላ ወታደሮች መጡ። ርዕሰ መምህሩ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሂድ ብሎ ቢሮውን ከውስጥ ቆለፈ።

የኔ ቤት በዋናው አስፋልት በኩል ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል። ደበላ ብስክሌቱን ይዞ መጣና፣ «በዚያ አትሂድ» አለኝ። «ከእኔ ጋ ውጣ። እማዬ ጋ ቆይተህ ሲረጋጋ ትወርዳለህ።»

በጓሮ በር ወጣን። የእኔን ነፍስ ለማትረፍ ይዞኝ እንደወጣ እንዳትረሱብኝ።

ዳገቱን ስንጀምር ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማሁ። ተማሪዎች ናቸው፤ ሰማንያ፣ መቶ ይሆናሉ። ከዋናው በር የተገፉት ሁሉ ጓሮ በሩን ክፍት ሲያገኙት በዚያ ወጥተው ወደ ጫካው ይሸሻሉ፤ ወደ ጫካው የሚወስደው መንገድ ደግሞ ፍሬን በጥስ ብቻ ነው። ከፊት ደበላ፣ ከእሱ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኛ በኋላ እነሱ። ከታች ለሚያይ ሰው እየመራናቸው እንመስል ነበር። ደበላ እንደ ወትሮው ይቆጥራል። ሁለተኛው ኩርባ ጋ ስንደርስ ተኩስ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ሦስቴ ተከታትሎ።

ጩኸት ሰምቼ ስዞር አንዲት ልጅ መንገዱ መሀል ወድቃለች። ሌንሳ ትባላለች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ አስተምራት ነበር። ጭኗን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች፣ በጣቶቿ መካከል ደም ይወጣል። ሌሎቹ በጎኗ እየሮጡ ያልፋሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ናቸው።

ደበላ ወረደ።

በዚያ ዳገት ላይ ከብስክሌቱ ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተንደርድሮ ወደ ታች ተመለሰ፣ ነጠላ ጫማዋን ከእግሯ አወለቀ፣ ሸሚዙን አውልቆ ጭኗን በኃይል አሰረው፣ ከዚያ አንስቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጣት። ራሷን መሪው ላይ ደፋች። እሱ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ወገቧን ይዞ መግፋት ጀመረ። ፊት ለፊቱ ጉሮሮው ቆሟል።

«ሰሌ! ከኋላ ያዛት!» አለኝ።

ብስክሌቴን ጥዬ ሄድኩ። እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ገፋሁ። ሃያ እርምጃ ያህል፣ ምናልባት ሠላሳ። ጀርባዋ በላብ ርሷል፤ ልቧ ሲመታ በመዳፌ ይሰማኛል። ሌላ ተኩስ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ቅርብ ነው፣ ከጎናችን ካለው ገደል ላይ አፈር ረገፈ። እጄን አነሳሁ።

ሌላ ቃል የለውም። ለቀቅኳት። ብስክሌቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ደበላ በደረቱ ተደግፎ ሲያቆመው አየሁ። ዞሮ አላየኝም፤ ሁለት እጁም ተይዟል። የሆነ ነገር እያለ ነበር። እየቆጠረ ይሁን እየጠራኝ ይሁን ዛሬም አላውቅም። እኔ ብስክሌቴን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ።

ታች ወታደሮቹ አስቆሙኝ። መምህር ነኝ፣ ወደ ቤቴ ነው አልኳቸው። መታወቂያዬን አይተው ስሜን ጻፉና፣ «እላይ ማን አለ?» አሉኝ። «አላየሁም» አልኩ። ለቀቁኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ እጄን ስታጠብ ነው ደሟን ያየሁት።

ደበላ ልጅቷን እናቱ ቤት አደረሳት። ከመንደሩ አንዲት የጤና ሠራተኛ ጠርቶ ቁስሏን አሳጠበ፤ ጥይቱ ሥጋውን በስቶ አልፎ ነበር እንጂ አጥንት አላገኘም። ስምንት ቀን እዚያ ተደበቀች። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ እሱ ትምህርት ቤቱ ሰኞ ሲከፈት አገኘኝና የብስክሌቴን ጎማ ቆንጠጥ አድርጎ፣ በጆሮዬ፣ «ደህና ናት» አለኝ። ስለ ቀረው ነገር ምንም አላነሳም። እኔ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «ተወው፤ ሰው ይፈራል» ብሎኝ ወደ ሜዳው ሄደ።

ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ቢሮው ውስጥ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ በጣም ጨዋ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ሐሙስ ዕለት ከዳገቱ ስትወርድ ስምህ ተይዟል፤ ለምን ወጥተህ ነበር አንልህም» አለኝ። «አንተን አንፈልግህም። ያየኸውን ብቻ ንገረን። ተማሪዎቹ ሲወጡ ከፊታቸው ማን ነበር?»

ርዕሰ መምህሩን ዞሬ አየሁት።

«አትዋሽ፣ አትጨምር። ያየኸውን። መምህር ደበላ ከፊት ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር» አልኩ።

«ተማሪዎቹስ?»

«ከኋላው።»

ወረቀት ሰጠኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መምህር ደበላ በብስክሌት ከፊት ይሄድ ነበር፤ ተማሪዎቹም ከኋላው ይከተሉት ነበር።» ፈረምኩ። ሰውዬው አንብቦ፣ «በቃ፣ ይኸው ነው» አለኝና እጄን ጨበጠ።

ቤቱ እዚያ እንደሆነ አልጻፍኩም። በየቀኑ በዚያ እንደሚወጣ አልጻፍኩም። ከእሱ ቀጥሎ እኔ እንደነበርኩ አልጻፍኩም። ልጅቷን አልጻፍኩም። እሷን ብጽፍ ፈልገው ያገኟት ነበር፤ ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። አንዳንድ ቀን አምኜውም አውቃለሁ።

ሐሙስ ጧት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጡበት። እኔ ፎቅ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብ ዓይነቶች እያስተማርኩ ነበር፤ በመስኮቱ ሜዳው ይታያል። ደበላ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ አዳመጣቸው። ከዚያ አውጥቶ፣ ተማሪዎቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ «አሥር ደቂቃ ይቀረኛል፤ ክፍለ ጊዜውን ልጨርስ» አላቸው። አልፈቀዱለትም። ፊሽካውን የጎሉ ቋሚ ላይ ሰቀለና ሄደ። ቀዩ ብስክሌት እዚያው ዛፉ ሥር ቀረ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ «ማስረጃ ነው» ብለው ወሰዱት። ተማሪዎቼ ሁሉ ቆመው በመስኮቱ ያያሉ፤ «ቁጭ በሉ» አልኳቸው። የተቀመጠ አልነበረም።

ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተፈታ። የግራ ጉልበቱ አይታጠፍም ነበር። ብስክሌቱን አልመለሱለትም፤ ቢመልሱለትም አይነዳውም። ሥራውም የለም፤ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታቸው በመቅረታቸው» የሚል ደብዳቤ ተጽፎበት ነበር። ይህንን ደብዳቤ የተየበችው ሙሉ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር።

እኔ ሸሸሁት። እውነቱ ይኸው ነው። ከተማው ትንሽ ነው፤ እሱ ደግሞ በምርኩዝ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። አንድ ቀን ግን መሸኛ ሊወስድ ትምህርት ቤት መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መሸሻ አልነበረኝም። ጠቁሯል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል።

«አካም፣ ሰሌ» አለኝ።

«ደበላ...» አልኩ።

«አንብበውልኛል» አለ።

መሬት መሬት አየሁ።

«ብዙ ጊዜ ነው ያነበቡልኝ። ሲያነቡልኝ ሲያነቡልኝ በቃሌ ያዝኩት። እዚያ ሰው ብዙ የሚያስበው ነገር የለውም፤ ተኝቼ እያንዳንዷን ቃል አገላብጫታለሁ። አንድ ውሸት ፈልጌ አጣሁ።» ምርኩዙን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እጅህን ያነሳህ ቀን ገብቶኝ ነበር። ሰው ይፈራል፤ ወዲያው ነው ይቅር ያልኩህ። ይሄኛውንም ውሸት ቢኖርበት ይቅር እልህ ነበር። እውነትን እንዴት አድርጌ ይቅር እንደምል ግን አላውቅበትም።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢጮኽብኝ፣ በምርኩዙ ቢመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ሙሉ መሸኛውን ይዛ ወጣች፤ ተቀበላት፣ አመሰገናት፣ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ የማይታጠፈውን እግር እያስቀደመ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ አዲስ አበባ ገባሁ። ብስክሌቴን ሸጥኩት።

ለቀብሩ እስከ ድንጋይ መፍጫው ድረስ በባጃጅ ወጣሁ፤ ከዚያ በላይ መንገዱ ፈራርሷል፣ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ብዙ ነበር። የድሮ ተማሪዎቹ፣ ጎልማሶች ሆነው፣ ሬሳውን እየተቀባበሉ በትከሻቸው ይዘውት ወጡ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት ሃያ ስድስት የሚሆናት ጥቁር የለበሰች ሴት ውሃ እያደለች መጣችና አጠገቤ ስትደርስ ቆመች።

«ቲቸር ሰሎሞን! አላወቁኝም አይደል? ሌንሳ ነኝ።»

ተነስቼ ሳምኳት። እንዳለቀሰች ያስታውቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ አዴ ሎሚን እንደ እናቷ ይዛ እንደምትኖር፣ አሁን ከታች ክሊኒክ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ።

«አንድ ቀን ላገኝዎት እመኝ ነበር» አለችኝ። «ያን ቀን ከኋላ የደገፉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ፊቴን ደፍቼ ስለነበር አላየሁም። እዚህ ተደብቄ ሳለሁ ቲቸር ደበላ ናቸው የነገሩኝ። ሰሎሞን ባይደግፍሽ ጉሮሮውን አናልፈውም ነበር ብለውኛል።»

እጄን ይዛ ወደ አዴ ሎሚ ወሰደችኝ። አርጅተዋል፤ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሌንሳ በጆሯቸው ማን እንደሆንኩ ነገረቻቸው። እጄን ፈልገው ያዙ፣ ወደ አጠገባቸው ሳቡኝ። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። «ኢልሚ ኮ ማል ጎዴ?» አሉኝ።

«ልጄ ምን አድርጎ ነው ይሉዎታል» አለች ሌንሳ። «ቲቸር ደበላ ለምን እንደታሰሩ አንድ ቀን ነግረዋቸው አያውቁም። ብንጠይቃቸውም እሺ አይሉም ነበር።»

«ምንም አላደረገም በያቸው» አልኩ።

ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ጠየቁ። ትርጉም ሳልጠብቅ ገባኝ፦ ታዲያ አደረገ ያለው ማን ነው?

«እኔ ነኝ» አልኩ ለሌንሳ። «ከፊት ነበር ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያንንም ቀን ደግፌሽ መሀል ላይ ለቅቄሽ ነው የሄድኩት። ንገሪያቸው።»

ሌንሳ የያዘችው የውሃ ጆግ በእጇ ላይ ቀረ። አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አዴ ሎሚ እጄን ነቅነቅ አድርገው፣ «ማል ጄዴ?» አሉ፤ ምን አለ?

«ሂን ቤኩ ጄዴ» አለቻቸው። አላውቅም አለ።

ሰበታ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። «እኔ ነኝ» ለማለት በኦሮምኛ የምትበቃኝ አንዲት ቃል ናት፤ «አና»። ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አዴ ሎሚ የደረቀ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አደረጉ። ከልጃቸው ጋር ያን ዳገት ስለወጣሁ፣ ለቀብሩም ከሩቅ ስለመጣሁ፣ ዋቃ ዕድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ልጆችህ ይደጉልህ እያሉ በራሳቸው ቋንቋ መረቁኝ። በየምርቃቱ መሀል በዙሪያችን ያለው ሰው አሜን ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። እዚያ ድንኳን ውስጥ አሜን ያላለችው ሌንሳ ብቻ ነበረች።